ሰርጌይ ቫቪሎቭና ሰማያዊው ብርሃን

የዚህን ሰው ታሪክ ለማወቅ የበቃሁት በስሕተት ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ እህል ዘር ሲያስተምሩን፥ ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ ሊቅ ወደ አገራችን መጥቶ በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴ፥ የገብስና የሌላም እህል ዘር እንደ ሰበሰበ ነገሩን። ስሙን በደብተሬ ጻፍሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ስለ ብርሃን የሚናገር አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያው ስም ብቅ አለ፤ ኤሌክትሮን በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚወጣው ብርሃን የመጀመሪያውን ማብራሪያ የሰጠው ቫቪሎቭ ነው ይላል። ገብስ የሚሰበስብ ሰው ኤሌክትሮንን ደግሞ ከየት አወቀው ብዬ ተገረምሁና፥ ሁሉን ስለሚያውቅ ስለዚህ ሊቅ ለጓደኞቼ አወራሁላቸው። ኋላ ነገሩን ስመረምር ግን ሰዎቹ ሁለት ሆነው አገኘኋቸው፤ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አገራችንን ያየው ታላቁ ኒኮላይ ሲሆን የብርሃኑ ሊቅ ታናሹ ሰርጌይ ነው። የምጽፈው ስለ ታናሹ ነው፤ ነገር ግን አንዱን ያለ ሌላው መጻፍ እንደማይቻል አንባቢ ያያል። ዓመቶቹ፥ ሌላ ካላመለከትሁ በቀር፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሰርጌይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ በ1891 ዓ.ም. በማርች ወር፥ አያቶቻችን መስኮብ በሚሉት አገር፥ በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ሲሆን በትጋቱ ታላቅ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለመሆን የበቃ ሰው ነበረ። ልጆቹ ንግዱን እንዲወርሱለት ስለ ተመኘ ሁለቱንም ወደ ንግድ ትምህርት ቤት ላካቸው፤ ልጆቹ ግን አንዱ ወደ ተክል፥ አንዱ ወደ ፊዚክስ አዘነበሉ። በንግድ ትምህርት ቤት ላቲን አይሰጥም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ያለ ላቲን አይቀበልም። ስለዚህ ሰርጌይ ላቲንን በራሱ አጥንቶ በ1909 ዓ.ም. በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የሒሳብ ክፍል ገባ።

በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲው ፒዮትር ሌቤዴቭ የሚባል መምህር ነበረ። ብርሃን የነካውን ነገር በጥቂቱም ቢሆን እንደሚገፋ በሚዛን ለክቶ ለዓለም ያሳየ ይህ ሰው ነው። በ1911 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ በዩኒቨርሲቲው ሥራ ጣልቃ ስለ ገባ ብዙ መምህራን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሌቤዴቭም አብሯቸው ወጣ። ምርምሩን በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ቀጠለ፤ ወጣቱ ቫቪሎቭም ተከተለው። መምህሩ በሚከተለው ዓመት በ46 ዓመቱ ሞተ። ቫቪሎቭ በ1914 ዓ.ም. ሲመረቅ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀርቶ ለፕሮፌሰርነት እንዲዘጋጅ ቢጠየቅ፥ መምህሮቹ የተባረሩበት ቤት አይሆነኝም ሲል እምቢ አለ። ይህን እምቢታ አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ወዲያው ወታደር ሆኖ ዘመተና አራት ዓመት በጦር ሜዳ ቆየ።

ከጦርነቱ ተመልሶ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ነገር በፊዚክስ ሉሚኔሰንስ የሚባለው ነው። አንዳንድ ነገሮች ብርሃን ወይም ሌላ ጨረር ሲያርፍባቸው፥ ሳይግሉ፥ የራሳቸውን ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ። ጨረሩ በነገሩ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ያነቃቸዋል፤ እነርሱም እንደ ነቁ ለጥቂት ጊዜ ይቆዩና ብርሃናቸውን ሰጥተው ይረጋጋሉ። የሚቆዩበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ያህል ነው። ፈሳሹ ቢሞቅ ወይም አንዳንድ ቅመም ቢጨመርበት ሞለኪውሎቹ ብርሃናቸውን ሳይሰጡ ስለሚረጋጉ ብርሃኑ ይደክማል። ቫቪሎቭ ይህን ጠባይ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀው ነበር። ከዚህም ጋራ የታሪክ ሰው ነበረ፤ የኒውተንን የብርሃን መጽሐፍ ወደ ሩሲያ ቋንቋ ተርጉሟል፥ የኒውተንንም የሕይወት ታሪክ ጽፏል፥ ለተራ አንባቢም ስለ ዓይንና ስለ ፀሐይ የሚናገር የታወቀ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በ1932 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠና በሌኒንግራድ በአካዳሚው ሥር የነበረችውን አነስተኛ የፊዚክስ ክፍል ተረከበ። ይህቺ ክፍል በ1934 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ተዛውራ ትልቅ ኢንስቲትዩት ስትሆን በቀድሞ መምህሩ በሌቤዴቭ ስም ተጠራች።

ወደ ዋናው ነገር የምንገባው እዚህ ላይ ነው። ከቫቪሎቭ ተማሪዎች አንዱ ፓቬል ቼሬንኮቭ ይባላል፤ በቮሮኔዥ አውራጃ በ1904 ዓ.ም. የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ቫቪሎቭ የሰጠው ሥራ እንዲህ የሚያስደስት አልነበረም፤ የዩራኒየም ጨው በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሟሙቶ ከራዲየም የሚወጣ ጋማ ጨረር ሲያርፍበት ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ እንዲለካ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ደካማ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ያን ጊዜ የነበረው መሣሪያ የሰው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ከደማቅ ቦታ ሲመጣ ደካማ ብርሃን አያይም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቼሬንኮቭ በድቅድቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያለ ሥራ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በብርሃኑና በዓይኑ መካከል እየጠቆረ የሚሄድ ብርጭቆ እያንሸራተተ፥ ብርሃኑ ከዓይኑ የሚጠፋበትን ነጥብ ይመዘግባል። ይህ ስልት የቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ ራሱ በዚህ መንገድ በጨለማ ተቀምጦ፥ ዓይን እጅግ ጥቂት የብርሃን ቅንጣቶችን እንኳ መለየት እንደሚችል ለማሳየት የደከመ ሰው ነው።

ቼሬንኮቭ ሲለካ አንድ የሚያውክ ነገር አገኘ። የዩራኒየሙ ጨው ሳይጨመር አሲዱ ብቻውን ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ዕቃው ቆሽሾ ይሆን ብሎ አጠበ፤ ብርሃኑ አልጠፋም። ተጣርቶ የተጣራ ውሃ ቢያደርግበት ያው ነው፤ ሌሎች ፈሳሾችም እንደዚሁ። ራዲየምን የመረመሩ ሰዎች ይህን ሰማያዊ ጭላንጭል ከዚያ በፊትም አይተውት ነበር፤ ነገር ግን የተለመደው ሉሚኔሰንስ ነው ብለው አልፈውት ነበር። እኔ ብሆን እኔም አልፈው ነበር፤ የተሰጠኝ ሥራ ስለ ዩራኒየም እንጂ ስለ ውሃ አይደለምና። ቫቪሎቭ ግን አላለፈውም። ፈሳሹ ይሙቅ፤ ሉሚኔሰንስን የሚያጠፋ ቅመም ይጨመርበት አለ። ቼሬንኮቭ አሞቀው፤ ብርሃኑ አልደከመም። ቅመሙን ጨመረ፤ ምንም አልሆነም። ደግሞም ብርሃኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፥ ፖላራይዝድ የሚባለው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሉሚኔሰንስን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው ይህ ሉሚኔሰንስ አይደለም ለማለት የበቃው በዚህ ነው። በ1934 ዓ.ም. ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ታተሙ፤ ያየውን የሚናገረው በቼሬንኮቭ ስም ብቻ፥ ምክንያቱን የሚናገረው በቫቪሎቭ ስም ነበረ። ቫቪሎቭ እንዳለው ብርሃኑን የሚሰጡት ጋማው ጨረር ከአተሞች እየነቀለ የሚወረውራቸው ፈጣን ኤሌክትሮኖች ናቸው።

ይህን ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። በጨለማ ጓዳ ተቀምጦ በዓይን የሚፈለግ ብርሃን ለብዙዎች የሚያስቅ ሆኖ ታያቸው። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከውን የቼሬንኮቭን ጽሑፍ የታወቀው መጽሔት ሳያትመው ቀረ፤ በ1937 ዓ.ም. የታተመው በአሜሪካ ነው።

ቫቪሎቭ የተናገረው ግማሹ ትክክል ግማሹ ስሕተት ነበረ። ብርሃኑ ከኤሌክትሮን የተነሣ መሆኑ እውነት ነው፤ ኤሌክትሮኑ በፈሳሹ ውስጥ ሲገታ የሚሰጠው ነው ማለቱ ግን ልክ አልነበረም። ይህን ያስተካከሉት እዚያው ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢጎር ታምና ኢልያ ፍራንክ በ1937 ዓ.ም. ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን በባዶ ቦታ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚህ የሚፈጥን የለም። በውሃ ውስጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 225,000 ይወርዳል። ኤሌክትሮን በውሃ ውስጥ ከዚህ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ብርሃንን በብርሃን ሜዳ ላይ ይቀድመዋል። በጣና ላይ ታንኳ ቀስ ብሎ ሲሄድ ማዕበሉ ከፊቱ ይሸሻል፤ የሞተር ጀልባ ሲፈጥን ግን ማዕበሉን እየቀደመ ከኋላው ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሹል መንገድ ይተዋል። ኤሌክትሮኑም እንዲሁ ነው። የሚያልፍባቸውን ሞለኪውሎች በኤሌክትሪክ ኀይሉ ይስባቸዋል፥ ካለፈ በኋላ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ እያንዳንዳቸው ትንሽ ሞገድ ይለቃሉ። ኤሌክትሮኑ ቀርፋፋ ከሆነ ሞገዶቹ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ ብርሃኑን ከቀደመው ግን በአንድ ላይ ተደምረው ወደ ፊት እንደ ቀንድ ተዘርግተው ይወጣሉ። በውሃ ውስጥ ይህ ቀንድ ከኤሌክትሮኑ መንገድ እስከ 41 ዲግሪ ድረስ ይከፈታል። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ብርሃኑ ስለሚበረታ ለዓይን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

በዚህ ላይ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ አንድ ነገር አለ። ብርሃኑን የሚሰጠው በእውነቱ ኤሌክትሮኑ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ውሃ፥ ብርጭቆና እነርሱን የመሰሉት ኤሌክትሪክን እንደ ብረት የማያስተላልፉ ነገሮች፥ መጽሐፍ ዳይኤሌክትሪክ የሚላቸው፥ ናቸው የሚያበሩት። እንዲህ ከሆነ ኤሌክትሮኑ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም ማለት ነው፤ በአጠገብ ማለፍ ይበቃዋል። ፍራንክና ከቫቪሎቭ ኢንስቲትዩት ወጣቶች አንዱ የነበረው ቪታሊ ጊንዝቡርግ በ1947 ዓ.ም. ይህንኑ በሒሳብ አሳዩ። በዳይኤሌክትሪክ ውስጥ በተቦረቦረ ጠባብ ቀዳዳ ወይም በፊቱ ላይ የሚያልፍ ኤሌክትሮን፥ ርቀቱ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት እምብዛም ካልበለጠ፥ ሳይነካው ያበራዋል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ስሚዝና ፐርሰል የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ሰዎች ኤሌክትሮኖችን በደቃቁ በተፈለፈለ ብረት ፊት ላይ አሳልፈው ብርሃን አዩ፤ በዚህኛው መንገድ ኤሌክትሮኑ ብርሃንን መቅደም እንኳ አያስፈልገውም። ዛሬ በየላቦራቶሪው እንዲህ የተፈለፈለ ሲሊኮንና ብርጭቆ ተሠርቶ፥ የፈለጉትን ቀለም የሚሰጥ ትንሽ የብርሃን ምንጭ ለማውጣት ይደከማል።

አሁን ወደ ወንድማማቾቹ ልመለስ።

ኒኮላይ ከሰርጌይ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ይበልጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት። ከዚያ በቅሎዎችን ጭኖ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ እስከ አሥመራ ተጓዘ፤ የሰበሰበውንም ዘር ወደ ሌኒንግራድ ላከ። ዓለም ከሚመገባቸው ዕፅዋት የብዙዎቹ መነሻ ከሆኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን የጻፈ ይህ ሰው ነው። ነገር ግን በአገሩ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል፥ የዘር ሕግጋትን የሚክድና በስታሊን ዘንድ የተወደደ ሰው ተነሣበት። በ1940 ዓ.ም. በኦገስት ወር ኒኮላይ በምዕራብ ዩክሬን ዕፅዋት ሲሰበስብ ተያዘ። እርሻን አበላሽተሃል፥ ሰላይም ነህ ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም በጃንዋሪ 26 ቀን 1943 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ሳራቶቭ በወጣትነቱ ፕሮፌሰር ሆኖ ያስተማረባት ከተማ ናት። በዚያው ዘመን በተከበበችው ሌኒንግራድ የእርሱ ረዳቶች የነበሩ ሰዎች የዘሩን ጎተራ ሲጠብቁ፥ ከዘሩ አንዲት ፍሬ ሳይቀምሱ፥ በረኃብ አለቁ።

ሰርጌይ የወንድሙን ሞት ያወቀው ወራት ካለፉ በኋላ፥ በ1943 ዓ.ም. በበጋ ነው። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመው የዕለት ማስታወሻው ኀዘኑ ከልቡ እንዳልወጣ ያሳያል። በአደባባይ ግን አልተናገረም። ጦርነቱ ሲያልቅ፥ በጁላይ ወር 1945 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ወንድሙን የገደለው መንግሥት የታላቁ የሳይንስ ቤት አለቃ ሆነ ማለት ነው፤ ያለ ስታሊን ፈቃድ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አልነበረም።

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ የዕረፍት ሰዓታችን በክርክር አለቀ። አንዱ፥ በ23 ዓመቱ ስለ መምህሮቹ ክብር እምቢ ያለ ሰው በ54 ዓመቱ ስለ ወንድሙ ደም እንዴት እምቢ አላለም፥ ሹመት አሳወረው እንጂ አለ። ሌላው፥ ያን ጊዜ እምቢ ያለው ሥራውን ነው የሚያጣው፤ አሁን እምቢ ቢል የሚያጣው ነፍሱን፥ ደግሞም የሚስቱንና የልጁን፥ በእጁም ያሉትን ብዙ ሊቃውንት ነው ብሎ መለሰ። እኔ መጀመሪያ ከፊተኛው ጋራ ነበርሁ። ኋላ ግን አንዳንድ ነገር ሳነብ ልቤ ተከፈለ። የወንድሙን ቤተ ሰብ እንደረዳ፥ የኒኮላይ ታናሽ ልጅ ዩሪም በአጎቱ ኢንስቲትዩት የፊዚክስ ሰው ሆኖ እንደ ኖረ አነበብሁ። የቼሬንኮቭ አባት በ1938 ዓ.ም. የተረሸነ ሰው ነበረ፤ እንዲህ ያለ አባት ያለው ተማሪ በዚያ ዘመን በቀላሉ ከሥራ ይባረር ነበር፤ ቼሬንኮቭ ግን ከኢንስቲትዩቱ አልወጣም። ለሁለተኛው ወገን የሚመሰክረው ይህ ነው። ለፊተኛው ወገን የሚመሰክረውንም አልደብቅም፤ በ1948 ዓ.ም. በኦገስት ወር ሊሴንኮ ባሸነፈ ጊዜ የአካዳሚው ጉባኤ ኦርቤሊ የሚባለውን ታላቅ ሊቅ ከሹመቱ ሻረ፥ የዘር ምርምር ላቦራቶሪዎችንም ዘጋ። ያን ጉባኤ የመራው ሰርጌይ ቫቪሎቭ ነው። የወንድሙ ሳይንስ በእርሱ ፊርማ ተዘጋ። ይህን ባነበብሁ ቀን ጽሑፌን ልተወው አስቤ ነበር።

መምህራችንን ባማክራቸው የሰውየውን መልካሙን ብቻ መርጬ እንዳልጽፍ አዘዙኝ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍሁ። እስከ ዛሬ ፍርድ መስጠት አልቻልሁም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ፕሬዚዳንት በነበረባቸው ዓመታት እጅግ ይሠራ ነበር። ኢንስቲትዩቱን ይመራል፥ የትልቁን ኢንሳይክሎፔዲያ ሁለተኛ እትም ያዘጋጃል፥ ሳይንስን ለሕዝብ የሚያስተምር ማኅበር አቋቁሞ ይመራል፥ ዛሬ ብዙ ቢሮና የትምህርት ክፍል ውስጥ የምናያቸውን ዓይነት ነጭ ረጃጅም የሉሚኔሰንስ መብራቶች በአገሩ እንዲሠሩ ከረዳቶቹ ጋራ ይደክማል። እንዲህ ያለው ሥራ ትጋት ይሁን ኀዘንን መሸሻ እንጃ።

በ1946 ዓ.ም. ስለ ሰማያዊው ብርሃን ቫቪሎቭ፥ ቼሬንኮቭ፥ ታምና ፍራንክ በአንድነት የአገራቸውን ከፍተኛ ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ በስታሊን ስም የሚጠራ ነበረ። በጃንዋሪ 25 ቀን 1951 ዓ.ም. ሰርጌይ በልብ ሕመም ሞተ፤ 60 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ወንድሙ ከሞተ ስምንት ዓመት ሊሞላ የቀረው አንድ ቀን ነበረ። ሰርጌይ በታላቅ ክብር ተቀበረ፤ ኒኮላይ ግን በሳራቶቭ የተቀበረው ከሌሎች እስረኞች ጋራ በአንድ ጉድጓድ ነው። ኒኮላይ ነጻ መሆኑ የተነገረው በ1955 ዓ.ም. ነው።

በ1958 ዓ.ም. ቼሬንኮቭ፥ ፍራንክና ታም በስቶክሆልም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ ይህ ሽልማት ለሞተ ሰው አይሰጥም። ብርሃኑ በአብዛኛው ዓለም በቼሬንኮቭ ስም ብቻ ይጠራል፤ በሩሲያ ግን የቫቪሎቭና የቼሬንኮቭ ብርሃን ይሉታል። በኑክሊየር ማመንጫ የውሃ ገንዳ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል። በጃፓን አገር ደግሞ በተራራ ሥር 50,000 ቶን ውሃ በጨለማ ተከማችቶ፥ ከሰማይ የሚመጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች በውሃው ውስጥ ሲያርፉ ይህንኑ ብርሃን ይጠባበቃሉ። እዚያ በጨለማ ተቀምጠው የሚጠብቁት ከአሥር ሺሕ የሚበልጡ የመስተዋት ዓይኖች ናቸው፤ በ1934 ዓ.ም. ግን የቼሬንኮቭ ሁለት ዓይኖች ብቻ ነበሩ።